ደራሲና ወኪሉ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሥነ ጽሑፍ ማኅበር አባሎች ስም የተነገረ)



የመረጥነው አርእስት «ደራሲና ወኪሉ» የሚል ነው። ከእናንተ መካከል «ተማሪዎች ከዚህ ነገር ጋር ምን አገናኛቸው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ባለፈው ዓመት ለማኅበራችን ያዋጣችሁት ገንዘብ የጠፋው እኛ ይህን ነገር ባለማወቃችን ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን እኩሌታው ትምህርት፥ እኩሌታው ሒሳብ ማስረከብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማኅበራችን አባሎች አንዱ፥ ስሙን እንዳንጠራው ለምኖናል፥ በሁለት ክረምት የዕረፍት ጊዜ አንድ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ጻፈ። ታሪኩ የሚፈጸመው በድሬዳዋ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሲሆን፥ ሌባውን ተከታትሎ የሚይዘው ጡረታ የወጣ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው። ምዕራፍ በምዕራፍ በማኅበራችን ስብሰባ ሲነበብልን፥ ደወል ተደውሎ እንኳ ከወንበራችን አንነሣም ነበር። ጓደኛችን ከዚህ መጽሐፍ ጥቂት ገጾች ባጋጣሚ ወዳገኘው አንድ የውጭ አገር አድራሻ ላከ። ሳምንት ሳይሞላው፥ የደራሲዎች ወኪል ነኝ ከሚል ሰው መልስ መጣ። መጽሐፉ እጅግ ድንቅ መሆኑን፥ ታላላቅ አሳታሚዎች እንደሚሻሙበት፥ ነገር ግን አስቀድሞ ለማንበቢያና ለማረሚያ 300 ዶላር መላክ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል።

ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ለቤተ መጻሕፍታችን አዲስ መጻሕፍት መግዣ ብላችሁ የሰጣችሁንን ገንዘብ ከኪሳችን ካዋጣነው ጋር ጨምረን፥ ውጭ አገር በሚኖር የአንድ ጓደኛችን አጎት በኩል ላክነው። ሰውየውም መቀበሉን ገልጾ አመሰገነ፤ በማግሥቱም ሌላ 200 ዶላር ጠየቀ። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝኛ መምህራችን ወሬውን ሰምተው አስጠሩንና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን። «ለመሆኑ ይህ ሰው መጽሐፉን አንብቦታልን? ስለ ቴሌግራፍ ሠራተኛው አንዲት ቃል ጽፏልን?» አሉን። ደብዳቤዎቹን ሁሉ ደግመን አነበብናቸው። አንዲትም ቃል አልነበረችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የደራሲ ወኪል ማለት በእውነት ምን ማለት እንደ ሆነ፥ በምን መንገድ እንደሚገኝ፥ ሐሰተኛው ከእውነተኛው በምን እንደሚለይ መርምረናል። ያገኘነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን። ዓመቶቹን የምንጠራቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአገራችን በገዢና በሻጭ መካከል የሚቆመውን ሰው ደላላ እንለዋለን። ቤት ለመከራየትም ሆነ በሬ ለመሸጥ ያለ እርሱ አይሆንም፤ ስሙ ግን ብዙ ጊዜ በበጎ አይነሣም። የደራሲ ወኪል ከደላላ ይልቅ ለነገረ ፈጅ ይቀርባል። ደላላ ከሁለቱም ወገን ሊቀበል ይችላል፤ ነገረ ፈጅ ግን የአንድ ወገን ሰው ነው። ወኪሉም የደራሲው ሰው ነው። ሥራውም ረቂቁን አንብቦ ጉድለቱን ማሳየት፥ ለየትኛው አሳታሚ እንደሚስማማ ዐውቆ ማቅረብ፥ የውሉን ቃል አንድ በአንድ መከራከር፥ የትርጉምንና የፊልምን መብት ለየብቻው መሸጥ፥ በኋላም የሽያጩን ሒሳብ መቆጣጠር ነው። ዛሬ በለንደንና በኒውዮርክ ያሉት ትልልቆቹ አሳታሚዎች አብዛኞቹ ልብ ወለድን ከወኪል እጅ ካልሆነ በቀር አይቀበሉም። ስለዚህ የደራሲው የመጀመሪያ በር የአሳታሚው ሳይሆን የወኪሉ ሆኗል።

ይህ ሥራ በለንደን የታወቀ ሙያ እየሆነ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ ነው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ አሌክሳንደር ፖሎክ ዋት የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ነበር። ደመወዙም ለደራሲው ካስገኘው ገንዘብ ከመቶ 10 እጅ ነበር። ወኪሉ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ግን የሁለት ታላላቅ የወንጀል ምርመራ ደራስያንን ታሪክ መመልከት ይበቃል።

አርተር ኮናን ዶይል በ1886 ገና ወጣት ሐኪም ሳለ ሼርሎክ ሆምስ የሚገኝበትን የመጀመሪያ መጽሐፉን ጻፈ። ጥቂት አሳታሚዎች ከመለሱበት በኋላ አንዱ የመጽሐፉን መብት በሙሉ በ25 ፓውንድ ገዛው። መጽሐፉም በ1887 ወጣ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነበበው ይህ መጽሐፍ ለደራሲው ከዚያ አሳታሚ ሌላ ገንዘብ አላመጣለትም፤ መብቱን ጠቅልሎ ሸጦታልና። በ1891 ግን ዶይል አጫጭር የሆምስ ታሪኮችን ሲጽፍ፥ ወደ ስትራንድ መጽሔት ያቀረበለት ዋት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዶይል ለ12 አዳዲስ ታሪኮች 1,000 ፓውንድ ጠየቀ፤ መጽሔቱም ተስማማ። ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣው ወኪሉ ብቻ ነው አንልም፤ በዚያን ጊዜ የሆምስ ዝና ገንኖ ነበር። ነገር ግን ብቻውን የተደራደረው ወጣት ሐኪም ንብረቱን ጠቅልሎ ሲሸጥ የሚያስጠነቅቀው ሰው አልነበረውም።

የአጋታ ክሪስቲ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ገና ልጃገረድ ሳለች ካይሮ ከተማ የሚፈጸም አንድ ልብ ወለድ ጽፋ፥ ጎረቤታቸው የነበረው ደራሲ ኢደን ፊልፖትስ ሂዩዝ ማሲ ወደተባለው ወደ ራሱ ወኪል ላካት። ወኪሉም ረቂቁን ከወራት በኋላ መልሶ፥ ይህን ትተሽ ሌላ ጀምሪ አላት። ከዚያ የመጀመሪያውን የኤርኩል ፏሮ መጽሐፍ ያለ ወኪል ራሷ ለአሳታሚዎች ላከችው። በመጨረሻ የተቀበላት አሳታሚ ውሉን ሲያቀርብላት፥ የሽያጭ ድርሻዋ የሚታሰበው 2,000 ቅጂ ከተሸጠ በኋላ እንደ ሆነና የሚቀጥሉትን 5 መጻሕፍቷን ለእርሱ እንድታቀርብ የሚያስገድድ ቃል እንዳለበት ልብ ሳትል በደስታ ፈረመች። መጽሐፉ በ1920 ወጣ፤ ከእርሱም ያገኘችው 25 ፓውንድ ብቻ ነበር። ስሕተቷን ስትረዳ ወደዚያው መጀመሪያ ወደ መለሳት ወኪል ቤት ተመለሰች። በዚያም ኤድመንድ ኮርክ የተባለ ወጣት ተቀበላት። የቀደመው ውል ግዴታ እስኪፈጸም ድረስ ጠብቆ፥ በተሻለ ውል ወደ ሌላ አሳታሚ አዛወራት፤ በ1926 የወጣው የሮጀር አክሮይድ ግድያ የተባለው ዝነኛ መጽሐፍ የዚህ አዲስ ውል ፍሬ ነው። ኮርክም በብዙ ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ወኪሏ ሆኖ ኖረ። ጓደኞቻችን ሆይ፥ ይህችን ነገር አስተውሉ። ዛሬ የሚመልሳችሁ በር ነገ ሊከፈትላችሁ ይችላልና፥ በእምቢታ ደብዳቤ ላይ የስድብ መልስ አትጻፉ።

እንግዲህ ወደ ሥራው መንገድ እንግባ። እዚህ ላይ የምንናገረው የወንጀል ምርመራ፥ የፍቅር፥ የስለላ፥ የጀብዱና እነዚህን የመሰሉ ለብዙ አንባቢ ስለሚጻፉ ልብ ወለዶች ነው። አንዳንድ ሰዎች እነዚህን «ተራ» ይሏቸዋል። እኛ ግን ከመካከላችን ስንቱ ማንበብን የለመደው በእነርሱ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ በዴስክ ሥር ተደብቆ የሚነበብ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ከማይወርድ መጽሐፍ ይሻላል ብለንም እናምናለን። መምህሮቻችን ይህን አባባል በይቅርታ እንዲያዩልን እንለምናለን።

አንደኛ፥ መጽሐፉ ማለቅ አለበት። ልብ ወለድን በተመለከተ ስሙ ያልታወቀ አዲስ ደራሲ ግማሽ ረቂቅ ይዞ ወኪል አያገኝም፤ ጀምሮ የሚተው ሰው ብዙ ነውና። ርዝመቱም እንደየዓይነቱ ይለያያል። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ ከ70,000 እስከ 90,000 ቃል ይሆናል። የጓደኛችንን ረቂቅ ብንቆጥረው 41,000 ብቻ ሆኖ አገኘነው። ያ ሐሰተኛ ሰው «ምንም የማይጎድለው» ብሎ ያሞገሰው ይህንኑ ነበር።

ሁለተኛ፥ የሚላክለትን ሰው መምረጥ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ወኪል የሚፈልገውን ዓይነት ያስታውቃል፤ የልጆች መጽሐፍ ብቻ የሚቀበል አለ፥ የስለላ ታሪክ የማይወድ አለ። ለዚህ የሚያገለግል የደራስያንና የሠዓልያን የዓመት መጽሐፍ የተባለ የወኪሎችና የአሳታሚዎች መዝገብ በለንደን ከ1906 ጀምሮ ሲታተም ኖሯል። ሌላም ዘዴ አለ። የምትወዱትን ልብ ወለድ የምስጋና ገጽ ብትመለከቱ፥ ደራሲው ብዙ ጊዜ ወኪሉን በስም ያመሰግናል። ያን መጽሐፍ የወደደ ወኪል የእናንተንም ለማየት ምክንያት ይኖረዋል።

ሦስተኛ፥ ደብዳቤው ነው። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የመጽሐፉን ዓይነትና ርዝመት፥ የታሪኩን ጭብጥ በጥቂት መስመር፥ በቅርብ ዓመታት ከወጡት መጻሕፍት የትኞቹን እንደሚመስል፥ ስለ ደራሲውም አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይይዛል። የጓደኛችን የመጀመሪያ ደብዳቤ «ይህ መጽሐፍ ዓለምን የሚያስደንቅ ነው» ብሎ ይጀምር ነበር። አሁን ግን እንዲህ ሆኗል። «በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ከታሸገ ፉርጎ ውስጥ 40 ጆንያ ቡና ይጠፋል፤ ማኅተሙ ግን አልተነካም። ጡረታ የወጣው የቴሌግራፍ ሠራተኛ እውነተኛውን ሌባ በ6 ቀን ውስጥ ካላገኘ፥ በሐሰት የተከሰሰው የገዛ ልጁ ይፈረድበታል።» ልዩነቱን እናንተው ፍረዱ። የፊተኛው ራሱን ያሞግሳል፤ የኋለኛው ግን አንባቢውን «ከዚያስ?» ያሰኛል።

አራተኛ፥ አላላኩ በሥርዓት ይሁን። ከደብዳቤው ጋር የታሪኩ አጭር መግለጫ ይላካል፤ በዚህም ላይ መጨረሻው አይደበቅም፤ ወኪሉ ገዢ አይደለምና ሌባው ማን እንደ ሆነ ሊነገረው ይገባል። ከመጽሐፉም አንዱ ወኪል 10 ገጽ፥ ሌላው 3 ምዕራፍ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውን ብቻ መላክ ነው። ለ5 ወይም ለ6 ወኪሎች ባንድ ጊዜ ልኮ፥ ቀኑን በደብተር መዝግቦ መጠበቅ ይበጃል። መልሱ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል፤ አንዳንዱም ዝም ብሎ ይቀራል፥ ዝምታውም እምቢታ ነው። የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ እንኳ በመጀመሪያው ወኪል ተመልሳ በሁለተኛው ተቀባይነት ካገኘች በኋላ፥ 12 አሳታሚዎች መጽሐፉን መልሰውታል። በ1997 ሲወጣም የመጀመሪያው ደረቅ ሽፋን ኅትመት 500 ቅጂ ብቻ ነበር። ወኪል ማግኘት የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አምስተኛ፥ ወኪሉ «እሺ» ካለ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ነው። መጽሐፉ ምን መሻሻል አለበት ይላል? ለየትኞቹ አሳታሚዎች ሊያቀርበው ያስባል? ብንለያይ ውሉ በምን ይፈርሳል? የሚሉትን መጠየቅ ነውር አይደለም። የዛሬው ልማድ በገዛ አገሩ ሽያጭ ከመቶ 15፥ በውጭ አገር ትርጉም ከመቶ 20 መውሰድ ነው። ለምሳሌ አሳታሚው 10,000 ዶላር ቢሰጥ፥ ወኪሉ 1,500 ወስዶ ለደራሲው 8,500 ያስረክባል፤ ግብሩ ገና ከዚህ ይከፈላል። ይህም ቅድሚያ ክፍያ ባንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ከፊሉ ሲፈረም፥ ከፊሉ ረቂቁ ሲጸድቅ፥ ቀሪው መጽሐፉ ሲወጣ ይከፈላል። ከሽያጩ የሚደርሰው ድርሻም መታሰብ የሚጀምረው ቅድሚያው ከተካካሰ በኋላ ነው። በዚህ ተስፋ ትምህርቱን የሚተው ጓደኛ ቢኖር ሒሳቡን ደግሞ ያስላው እንላለን።

ወኪል የማያስፈልግበትም ቦታ አለ። ለምሳሌ በ1908 በለንደን የተመሠረተው ሚልስ ኤንድ ቡን የተባለው የፍቅር ልብ ወለድ አሳታሚ ረቂቅን በቀጥታ ከደራሲው እጅ በመቀበል የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ቁስላችን እንመለስ። በእንግሊዝም በአሜሪካም የደራሲ ወኪል ለመሆን የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። ማንም ሰው ተነሥቶ ወኪል ነኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ ሙያተኞቹ ራሳቸው ማኅበር አቁመው ደንብ አውጥተዋል፤ የእንግሊዞቹ ማኅበር በ1974 የተመሠረተ ሲሆን፥ አባሎቹ ለማንበቢያ ብለው ከደራሲ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ገንዘብ ወደ ደራሲው ይመጣል እንጂ ከደራሲው አይሄድም። እውነተኛው ወኪል ደራሲው ሲበላ ይበላል፥ ደራሲው ሲጾም ይጾማል። አስቀድሞ የሚበላ ግን መጽሐፉ ይሸጥ አይሸጥ ምን ይገደዋል? እንግዲህ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ፥ የሸጠውን መጽሐፍ በስም የማይጠራ፥ ያለ ልክ የሚያሞግስና የሚያጣድፍ ሰው ሲመጣ፥ ከበር መመለስ ነው። እኛ እነዚህን ምልክቶች ሁሉ አይተን ሳለ፥ ምስጋና ዐይናችንን ጋርዶት አለፍናቸው።

በአገራችንስ? በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል፥ ራሱ ከአከፋፋይ ጋር ይከራከራል፥ መጽሐፉም በአዟሪ ወጣቶች ክንድ ላይ ተደርድሮ ከቡና ቤት ቡና ቤት ይዞራል። የደራሲን መብት የሚጠብቅ ሕግ ግን አለን። በ1996 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወቱ ሳለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የጎደለን ይህን መብት ይዞ የሚሟገት፥ በውጭ አገር ገበያም የሚያስተዋውቅ ባለሙያ ነው። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንመልከት። ፍቅርም፥ ስለላም፥ ጦርነትም ያለበት፥ ማንም አንባቢ ጀምሮ የማያስቀምጠው መጽሐፍ ነው። በ1983 ታትሞ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲውም በ1984 እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር አሳታሚዎች የወጣው በ2025 ነው፤ ከ42 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እርግጥ ይህ መዘግየት ሁሉ ከወኪል ማጣት የመጣ አይደለም፤ የዘመኑ ክፋት ነበረበት። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ ሕግን፥ ቋንቋንና ንግድን ተምሮ የደራስያን ወኪል ለመሆን ቢነሣ፥ ለአገሩ ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ አንጠራጠርም። ከጓደኞቻችን ሐኪምና መሐንዲስ ለመሆን የሚመኝ ብዙ ነው፤ ይህን ሙያ ግን እስከ ዛሬ የተመኘ አልሰማንም።

በመጨረሻ ሒሳባችንን እናስረክብ። የላክነው 300 ዶላር አልተመለሰም፤ የሚመለስም አይመስለንም። የማኅበራችን አባሎች በስፖርት ቀን ሻይና ቆሎ ሸጠው፥ በክረምትም ታናናሾችን አስጠንተው፥ ከእናንተ የተቀበልነውን እኩሌታ ተክተናል። ሒሳቡ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል። ቀሪውን እስከሚመጣው ዓመት ለመተካት ቃል እንገባለን።

መጽሐፉስ? ጓደኛችን ወደ 72,000 ቃል አድርሶት፥ አዲሱን ደብዳቤ ለ6 ወኪሎች ልኳል። ሦስቱ ባጭር ቃል መልሰውታል። ሁለቱ ዝም ብለዋል። አንዲት ወኪል ግን፥ ሙሉውን ረቂቅ አስልካ ካነበበች በኋላ፥ አልቀበልም ስትል ሁለት መስመር ጨምራለች። የቴሌግራፍ ሠራተኛው እጅግ ደስ እንዳሰኛት፥ ነገር ግን ሌባው በ4ኛው ምዕራፍ እንደ ታወቃት ጽፋለች። ለዚህ ምክር አምስት ሳንቲም አልጠየቀችም። ያሞገሰን ሰው መጽሐፉን አላነበበውም፤ የመለሰችን ሴት ግን አንብባዋለች። ጓደኛችን ደብዳቤዋን በደብተሩ ውስጥ አጥፎ ይዟል፤ አሁንም 4ኛውን ምዕራፍ እንደገና እየጻፈ ነው።